መብራት ሲሄድ አብሮ የሚሄደው ሰርቪስ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ኮምቦልቻ የሚኖሩ አንድ መምህር አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኪዊክስን ጭነዋል፤ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበውን ፕሮግራም ማለቴ ነው። የሰፈር ልጆች ከሰዓት በኋላ ሳሎናቸው ተሰብስበው በቤቱ ዋይፋይ በስልካቸው ያነባሉ። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10 ነው፣ ፋይሎቹ ያሉት ደግሞ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። በመጀመሪያ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍተው ነበር የሚያስነሱት፤ አንዱ ልጅ መስኮቱን ሲዘጋው የሁሉም ይቋረጣል። ቀጥለው በትእዛዝ ሰርቪስ አድርገው ሊያስመዘግቡት ሞከሩ፣ ስህተት 1053 አላቸው። በመጨረሻ ታስክ ስኬጁለር ላይ፣ ዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በቀጠሮ የሚያስነሳበት መሣሪያ ላይ ማለት ነው፣ አደረጉት። «ይሄኛው ሠራ፤ ግን መብራት በሄደ ቁጥር ይሞታል። ላፕቶፑ እኮ ባትሪ አለው፣ አይጠፋም! አንዳንዴ ደግሞ መብራትም ሳይሄድ ሁለት ሦስት ቀን ሠርቶ ዝም ይላል። ምን ላድርግ? ደሴ ያለችው ልጄስ እዚያው ሆና ልታነበው ትችላለች?»

መምህር፣ አብሽሩ። ላፕቶፑም ኪዊክሱም ደህና ናቸው። የዘረዘሩት ችግር ሁሉ ምንጩ አንድ ነው፤ እስካሁን ፕሮግራሙን ሲያሠሩት የነበሩት እርስዎ ራስዎ ነዎት። መስኮቱን የከፈቱት እርስዎ፣ ዲስኩን የሰኩት እርስዎ፣ ከውጭ የሚመጣውን ግንኙነት የሚቆጣጠረው ፋየርዎል «ይህን ፕሮግራም ላሳልፈው?» ብሎ ሲጠይቅ እሺ ያሉትም እርስዎ። ሰርቪስ የሚባለው ግን እርስዎ ቤት በሌሉበት፣ ማንም የይለፍ ቃል ሳያስገባ የሚሠራው ነው። ስለዚህ በእጅዎ ያደርጉት የነበረውን ነገር አንድ በአንድ አስቀድመው ሊነግሩት ይገባል። ያልነገሩትን አያውቅም። መስኮቱን መደበቁማ ቀላሉ ነው።

ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው 1053 ላይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ዊንዶውስ ውስጥ ሰርቪሶችን የሚያስነሳ አንድ አለቃ አለ። ይህ አለቃ ፕሮግራሙን አስነስቶ ፊቱን አያዞርም፤ «ገብቻለሁ፣ ሥራ ጀምሬያለሁ» የሚል መልስ ይጠብቃል። የሚጠብቀው በተለምዶ 30 ሰከንድ ነው። መልሱ አለቃው በሚያውቀው በአንድ ቋንቋ ብቻ መምጣት አለበት፤ ሲጻፍ ጀምሮ ለሰርቪስነት ያልተዘጋጀ ፕሮግራም ደግሞ ይህን ቋንቋ አይችልም። የኪዊክስ ሰርቨር ተራ የትእዛዝ መስኮት ፕሮግራም ነው። ይነሳል፣ ሥራውንም ይጀምራል፣ ለአለቃው ግን ትንፍሽ አይልም። 30 ሰከንዱ ሲያልቅ አለቃው ያጠፋውና 1053 ብሎ ይጽፋል። ያኔ ፈጥነው ብሮውዘር ከፍተው ቢሆን ኖሮ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ሲሠራ ሊያዩት ይችሉ ነበር።

ስለዚህ የጻፉት ትእዛዝ ስህተት የለውም፤ አሥር ጊዜ ደግመው ቢጽፉትም ውጤቱ ያው ነው። የጎደለው መሐል ላይ የሚቆም አስተርጓሚ ነው። ለአለቃው በሰርቪስ ቋንቋ እየመለሰ፣ ኪዊክስን ደግሞ ከሥሩ እንደ ተራ ፕሮግራም የሚያሠራ። ለዚህ ሥራ የታወቁ ሁለት ፕሮግራሞች አሉ፤ ኤንኤስኤስኤም (NSSM) እና ዊንኤስደብሊው (WinSW)። ሁለተኛው ጥሩ ነው፣ ግን ማዋቀሪያውን ኤክስኤምኤል በሚባል የጽሑፍ ፋይል ጽፈው እንዲሰጡት ይፈልጋል። ለእርስዎ የመጀመሪያው ይቀላል፤ መስኮት ከፍቶ ይጠይቅዎታል። የቆየ ፕሮግራም ነው፤ 2.24 የሚባለው ዋና እትሙ እ.ኤ.አ. የ2014 ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ከእሱ በኋላ የወጣውን 2.24-101 የሚባለውን ይውሰዱ። ዋናው እትም ከ2017 ወዲህ ባሉት የዊንዶውስ 10 ዝማኔዎች ላይ ሰርቪሱን አላስነሳም የሚልበት ጊዜ አለ፤ እኔም አንድ ሙሉ ቀን ያባከንኩበት ጉዳይ ነው።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ታስክ ስኬጁለሩ ለምን እንደከዳዎት ይዩት። የፈጠሩትን ሥራ ሁለት ጊዜ ጠቅ ያድርጉና «ኮንዲሽንስ» ወደሚለው ገጽ ይሂዱ። መሐል ላይ ስለ ኃይል የሚያወራ ክፍል አለ። ኮምፒውተሩ ከሶኬት ኃይል ሲያገኝ ብቻ ሥራው እንዲጀመር የሚያዝ ሳጥን ምልክት ተደርጎበት ያገኙታል፤ ከእሱ ሥር ደግሞ ወደ ባትሪ ሲዞር ሥራው እንዲቆም የሚያዝ ሌላ ምልክት አለ። ማንም አልነካብዎትም፣ ሲፈጠር ጀምሮ እንዲሁ ነው። ያሰቡት ባትሪ ለመቆጠብ ነው፤ መብራት የማይሄድበት አገር ለሚኖር ሰው ብልህ ሐሳብ ነው። ከዚያ «ሴቲንግስ» የሚለውን ገጽ ይክፈቱ። ሥራው ከ3 ቀን በላይ ከቆየ ይቁም የሚል ምልክት አለ። ያ «ሁለት ሦስት ቀን ሠርቶ ዝም» የሚልዎት እሱ ነው። ሦስቱንም ምልክት ያንሱ፣ መነሻውን «ኮምፒውተሩ ሲነሳ» ያድርጉት፣ ተጠቃሚ ቢገባም ባይገባም እንዲሠራ የሚለውን ይምረጡ። እውነቱን ለመናገር ለአንድ ቤትና ለአንድ ፕሮግራም ይሄም ይበቃል፤ ከደከመዎት እዚሁ ያቁሙ። እኔ አስተርጓሚውን የምመርጠው ፕሮግራሙ ሲወድቅ ቶሎ ስለሚያነሳውና የሞተበትን ምክንያት ፋይል ላይ ስለሚያስቀምጥልኝ ነው።

አንድ ጥርጣሬ ግን አለኝ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተርስ? ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ አንድ ደንበኛዬ «መብራት ሲሄድ ሰርቪሱ ይሞታል» እያለ ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ አስጭኖኛል። በሦስተኛው ቤቱ ቁጭ ብዬ ቡና እየጠጣሁ መብራቱ ሄደ። መደርደሪያው ላይ ያሉት የራውተሩ አረንጓዴ መብራቶች ድርግም ሲሉ ሁለታችንም አየን፤ ከዚያ ተያየን። ሰርቪሱ አንድም ቀን አልሞተም ነበር፤ ስልኮቹ ወደ እሱ የሚሄዱበት መንገድ ነበር የሚዘጋው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ መብራት ሲሄድ ልጆቹን «ቆዩ» ይበሉና ላፕቶፑ ላይ ብሮውዘር ከፍተው 127.0.0.1፣ ማለትም ላፕቶፑ ራሱን የሚጠራበትን አድራሻ፣ ከዚያም ሁለት ነጥብ (:) እና የፖርት ቁጥሩን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚገኝበትን የበር ቁጥር፣ ይጻፉ፤ 8080 ወይም እስካሁን ሲያስነሱት የሰጡትን። ከተከፈተ ሰርቪሱ አለ፣ የሞተው ራውተሩ ነው። ካልተከፈተ ሰርቪሱ ነው። ሁለቱም ሊሆን ይችላል፣ በእርስዎ ቤት ሁለቱም ይመስለኛል። ለራውተር ተብሎ የሚሠራ ትንሽ የባትሪ ሳጥን ገበያ ላይ አለ። ከመግዛትዎ በፊት ግን የራውተሩ አዳፕተር ላይ የተጻፈውን ቮልት ያንብቡ፤ ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው፣ 9 የሆኑም አሉ። አምፔሩና የጫፉ ውፍረትም ይግጠም።

አሁን ወደ መጫኑ። ከሁሉ በፊት ኪዊክስንም ኤንኤስኤስኤምንም ከዳውንሎድስ ፎልደር ያውጧቸው። ሲ ላይ ስሙ አጭርና ክፍት ቦታ የሌለው አንድ ፎልደር ይክፈቱና ሁለቱንም እዚያ ያስቀምጡ። ሰርቪሱ የሚሠራው በእርስዎ ስም ስላልሆነ የእርስዎ የግል ፎልደር ለእሱ የተቆለፈ ጓዳ ነው። ከዚያ የትእዛዝ መስኮቱን በአስተዳዳሪ ፈቃድ ከፍተው የኤንኤስኤስኤምን የመጫኛ ትእዛዝ ሲሰጡት ትንሽ መስኮት ይመጣል። በመጀመሪያው መስመር የኪዊክስ ሰርቨር የሚገኝበትን ሙሉ አድራሻ፣ በሁለተኛው ፎልደሩን፣ በሦስተኛው ደግሞ በእጅዎ ሲያስነሱት ከፕሮግራሙ ስም ቀጥለው ይጽፉት የነበረውን ሁሉ፣ ማለትም የፖርት ቁጥሩንና የፋይሉን ቦታ፣ ያስገባሉ። ፖርቱን ካልነገሩት ኪዊክስ 80ን ይይዛል፤ ከሌላ ነገር ጋር እንዳይጋጭ 8080 ይስጡት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጨርሻለሁ ብሎ ይዘጋዋል። አይዝጉት፤ ከላይ በኩል ያሉትን ገጾች ወደ ቀኝ ይግለጧቸው። «ሎግ ኦን» የሚለው ላይ ሰርቪሱ በነባሪ «ሎካል ሲስተም» በሚባለው መለያ ይሠራል፤ ማሽኑ ላይ ከዚያ የበለጠ ሥልጣን ያለው የለም ማለት ይቻላል። መጽሐፍ ለሚያስነብብ ፕሮግራም የቤቱን ቁልፍ በሙሉ መስጠት ምን ይሉታል? «ሎካል ሰርቪስ» ወደሚባለው ዝቅተኛ መለያ ይቀይሩት፤ ፋይል ማንበብ ብቻ ነው የሚፈልገው። «አይ/ኦ» በሚለው ገጽ ደግሞ የፕሮግራሙ ንግግርና ስህተት የሚጻፍበትን ፋይል ስም ይስጡት። ጥቁሩ መስኮት ላይ ይነበብ የነበረው ነገር ከእንግዲህ የሚገኘው እዚያ ነው፤ ይህን ያልሞላ ሰው ችግር ሲመጣ በጨለማ ይዳብሳል። «ኤግዚት አክሽንስ» የሚለው ላይ ፕሮግራሙ ሲሞት መልሶ እንዲያስነሳው መሆኑን ያረጋግጡና የመዘግየቱን ቁጥር 10000 ያድርጉት፤ በሚሊሰከንድ ስለሆነ 10 ሰከንድ ማለት ነው።

ለምን 10 ሰከንድ? በዲስኩ ምክንያት። ሰርቪስ የሚነሳው በጣም ቀደም ብሎ ነው፣ የመግቢያው ገጽ ገና ሳይታይ። በዩኤስቢ የተሰካው ዲስክ ደግሞ ተሽከርክሮ እስኪነቃ ሰከንዶች ይወስዳል። ኪዊክስ ተነስቶ ፋይሉን ሲያጣው ወዲያው ይሞታል፤ ደጋግሞ ወዲያው የሚሞት ከሆነ አስተርጓሚው «ይሄ ነገር አይሆንም» ብሎ የእረፍቱን ጊዜ እያራዘመ ይሄዳል። በሰርቪሶች ዝርዝር ላይ «ፖዝድ» የሚል ቃል ካዩ ይኸው ነው የሆነው፤ የጻፉት አድራሻ ስህተት ነው ወይም ዲስኩ አልደረሰም። የዲስኩ ፊደልም ይለዋወጣል፤ ዛሬ አንዱ ልጅ ፍላሹን ቀድሞ ሰክቶ ከሆነ የእርስዎ ዲስክ ነገ ሌላ ፊደል ይዞ ይመጣል። ዲስክ ማኔጅመንት በሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ገብተው ከፊደሎቹ ዝርዝር ወደ መጨረሻው ያለውን አንዱን በቋሚነት ይስጡት። ላፕቶፑ ውስጥ ቦታ ካለ ግን ሁሉንም ወደ ውስጥ ያስገቡትና ከዚህ ጣጣ ይገላገሉ። የአማርኛው ዊኪፒዲያ በጣም ትንሽ ነው፣ የትም ይገባል። ቦታ የሚበላው የእንግሊዝኛው ነው፤ ከነሥዕሉ ሲሆን ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው።

ዲስኩ ፋት32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት የተዘጋጀ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ወደ ኤንቲኤፍኤስ ይቀይሩት፤ ኤክስፋት አይምረጡ። ኤክስፋት ትልቅ ፋይል ይችላል፣ ግን እየጻፈ መብራት ቢሄድበት የሚያደርገውን የሚመዘግብበት መዝገብ የለውም። ደግሞ ዲስክዎ የራሱ አዳፕተር ያለው ትልቁ ዓይነት ከሆነ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ እየሠራ ዲስኩ ይጠፋል፤ ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ኃይል የሚያገኘው ትንሹ ዓይነት ነው ለእኛ የሚሆነው።

ፋየርዎሉን እንዳይረሱ። በእጅ ሲያስነሱት «ላሳልፈው?» ብሎ የጠየቀዎት ሰው ስላየ ነው፤ ሰርቪስ ሲሆን የሚጠየቅ ሰው ስለሌለ ጥያቄው አይመጣም፣ ዝም ብሎ ይዘጋል። ላፕቶፑ ላይ ይከፈታል፣ ስልክ ላይ አይከፈትም። ገብተው ለቲሲፒ ፖርት 8080 የመግቢያ ፈቃድ ራስዎ ይጻፉ፤ የቤቱ ዋይፋይም «ፕራይቬት» ተብሎ መመዝገቡን ይዩ። ራውተሩ ላይ ደግሞ ለላፕቶፑ ቋሚ አድራሻ ያስይዙለት፤ አለዚያ ራውተሩ ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር ልጆቹ የለመዱት ቁጥር ሊቀየር ይችላል።

የላፕቶፑ እንቅልፍም አለ። የዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ለሶኬትና ለባትሪ ሁለት የተለያየ ቁጥር አለው፤ ባትሪ ላይ ሲሆን ቶሎ ይተኛል። ሁለቱንም «በጭራሽ» ያድርጓቸው፣ ክዳኑ ሲዘጋም ምንም እንዳያደርግ ይዘዙት። መብራቱ ሄዶ ከቆየና ባትሪው ካለቀ ላፕቶፑ ይጠፋል፣ መብራት ሲመጣም አብዛኛው ላፕቶፕ በራሱ አይነሳም። ለቢሮ የሚሠሩት የዴልና የሌኖቮ ላፕቶፖች ግን ባዮሱ ውስጥ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት በሚከፈተው ማስተካከያ ውስጥ፣ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ተነስ የሚል ምርጫ ስላላቸው ይፈልጉት፤ ካለ ትልቅ ነገር ነው።

እዚሁ ላይ የራሴን ልንገርዎት። የመጀመሪያ የቤት ሰርቨሬ እንዲሁ አሮጌ ላፕቶፕ ነበር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሶኬት አልነቀልኩትም። አንድ ቀን የመዳሰሻው ግራ ቁልፍ አልጫን አለኝ። ቆሻሻ ገብቶበት ነው ብዬ በጥርስ ብሩሽ ስፈትገው ዋልኩ። ገልብጬ ስከፍተው ባትሪው እንደ ዳቦ ተነፍቶ መዳሰሻውን ከሥር ወደ ላይ እየገፋው ነው። ሁልጊዜ 100 ላይ ተሞልቶ ሙቀት ውስጥ የሚቀመጥ ባትሪ መጨረሻው ይኸው ነው። አምራቹ የሰጠው ፕሮግራም ወይም ባዮሱ የሚፈቅድ ከሆነ ሙሌቱን 80 በመቶ ላይ ይገድቡት፤ መነፋት ከጀመረ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ያውጡት፣ በምንም ነገር አይውጉት። ኮምቦልቻ ከእኛ ከደሴ ይልቅ ሞቃት ነውና ላፕቶፑን ፍራሽና ሶፋ ላይ አያስቀምጡት። እኛ ደግሞ ሌላ ችግር አለብን፤ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ብርዱ ያካክስልናል።

ዊንዶውስ 10ን በተመለከተ፣ መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ላፕቶፑ ወደ 11 የማይወጣ ከሆነ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የሚባለውን ሊኑክስ ቢያስገቡበት አልቃወምም፤ እዚያ ማንኛውም ፕሮግራም ያለ አስተርጓሚ በሲስተምዲ፣ የሊኑክሱ የሰርቪስ አለቃ በሆነው፣ ሰርቪስ ይሆናል። አንድ ወጥመድ ብቻ ላስጠንቅቅ፦ ሲስተምዲ ዳግም አስነሳ ቢሉትም በነባሪ በ10 ሰከንድ ውስጥ አምስት ጊዜ ከወደቀበት ይተወዋል፤ በሙከራዎቹ መካከል የሚያርፈውም የሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ ስለሆነ ዘገምተኛ ዲስክ ሳይነቃ አምስቱም ያልቃሉ። የእረፍቱን ጊዜ እዚያም ወደ 10 ሰከንድ ከፍ ያድርጉት፣ አምስት ሙከራ በ10 ሰከንድ ውስጥ ሊሞላ ስለማይችል ተስፋ አይቆርጥም።

ሲጨርሱ እንዲህ ይፈትኑት። ላፕቶፑን «ሪስታርት» ያድርጉ፤ «ሻት ዳውን» አይደለም፤ ዊንዶውስ በፈጣን መነሻው ምክንያት ሲዘጉት የሰርቪሶቹን ሁኔታ አስተኝቶ ነው የሚያስቀምጠው፣ ከባዶ አያስነሳቸውም። የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ገጽ ሲመጣ ኪቦርዱን አይንኩ። ሁለት ደቂቃ ቆይተው በስልክዎ ይክፈቱት። ከተከፈተ የላፕቶፑንም፣ የባትሪ ሳጥን ከገዙለት የራውተሩንም ገመድ ከሶኬት ይንቀሉና እንደገና በስልክ ይክፈቱት። ይህንን ካለፈ ልጆቹን ይጥሩ። ካላለፈ የስህተት ፋይሉን የመጨረሻ አምስት መስመር ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፤ «አልሠራም» ብቻ ብለው ከጻፉልኝ እኔም የማውቀው ነገር አይኖርም።

ደሴ ስላለችው ልጅዎ። የራውተርዎ የውጭ አድራሻ በ10 እና ነጥብ (10.) የሚጀምር ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ የሚገኝ ከሆነ ከውጭ በቀጥታ ሊገባበት አይቻልም፤ ቁጥሩ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ቢቻልም ፖርቱን ለዓለም አይክፈቱት፤ ኪዊክስ የይለፍ ቃል አይጠይቅም። እንደ ቴይልስኬል ያለ ነገር በሁለቱም በኩል ጭኖ የግል መንገድ መዘርጋት ይቻላል፣ ለደብዳቤና ለፎቶ አደርገዋለሁ። ለዚህ ግን እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን አላደርገውም። የእንግሊዝኛውን ፋይል እንዳለ ልላክላት ካሉ 100 ጊጋባይት በሰከንድ በ5 ሜጋቢት ፍጥነት ሳይቋረጥ ቢሄድ እንኳ 44 ሰዓት ይፈጃል። ዲስኩን ኮፒ አድርገው በፌስታል ጠቅልለው ለሚኒባስ ሾፌር ይስጡት፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሐረጎን ወጥቶ ሰዓት ሳይሞላ ያደርስላታል። እሷም የራሷን ሰርቪስ ትጭናለች፣ መመሪያው ያው ከላይ ያለው ነው።